መደርደሪያዋ እና አርባ ሦስቱ ሪፖርቶች

ሾፌሩ በሕይወቱ አንድ የረባ ውሸት ዋሽቷል፤ እሱንም የዋሸው በገዛ ሽኝቱ ላይ፣ በአንድ እጁ የኬክ ሳህን ይዞ በሌላው የግድግዳ ሰዓት ታቅፎ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አምስት ደቂቃ ካረፈደ አምስት ደቂቃ ብሎ የሚመዘግብ፣ ተሳፋሪ «በጊዜ እንደርሳለን?» ሲለው «እኔ እንጃ» የሚል፣ እንዲያው ሐቀኝነቱ ሰው የሚያሰለች ዓይነት። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው ምን ቆርጦት ዋሸ? ነገሩ ወዲህ ነው።

ጡረታ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከእረፍት ተመለሰ። በዚያው ዕለት የመጀመሪያውን ዙር ጨርሶ ወደ ጋራዡ ሲገባ የአውቶቡሱን የቀኝ ስፖኪዮ ከበሩ ምሰሶ አላትሞ ገነጠለው። በሩ እሱ እረፍት ላይ ሳለ ለሁለት ተከፍሎ፣ በግራው ግማሽ ላይ የጥበቃ ቤት ተሠርቶበታል። የሚወጡት አውቶቡሶች በጓሮ በር መውጣት ጀምረዋል፤ በዚህኛው፣ በቀረችው ጠባብ ግማሽ፣ መግባት ብቻ ሆኗል። ሾፌሩ የጥበቃ ቤቱን በደንብ አይቶታል፤ እንደውም ቀለሙ አላማረውም። ምሰሶውንም አይቶታል። አይቶት ነው የመታው፤ የሚያበግነውም ይኸው ነው።

ማንም አልተቆጣውም። ቢቆጡት በስንት ጣዕሙ። ሁሉም «ዕድሜ ነው እንግዲህ» በሚል ዝምታ አለፉት። በሽኝቱ ዕለት ደግሞ ስምሪት ኃላፊው፣ በዕድሜ ልጁ ሊሆን የሚችል ጨዋ ሰው፣ የግድግዳ ሰዓቱን አስታቀፈውና «ጋሼ፣ እንግዲህ ይረፉ። ዓይንዎም ዕረፍት ይገባዋል» አለው። ከልቡ ነው ያለው፤ ተንኮል የለበትም። ሾፌሩ ግን ዓይን የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ላይ ተሰንቅራ ኬኩ አልወርድ አለው።

በዚህ መሐል ነው ጡሩምባው ነገር የጀመረው። ጡሩምባው የሥራ ባልደረባው ነው፤ ስሙን ያወጡለት ባዶ መንገድ ላይ ሳይቀር ክላክስ ስለሚያደርግ ነው።

«ካፒቴን፣ አውሮፕላኑ እንዴት ሆነ?» አለ።

ሾፌሩን ካፒቴን የሚሉት በምክንያት ነው። ሴት ልጁ ባለፈው ዓመት ለልደቱ የኮምፒውተር የበረራ ሲሙሌተር ከነመሪው ከነፔዳሉ ገዝታለታለች፤ ከዚያ ወዲህ በሻይ ሰዓት ወሬው ሁሉ ስለ ክንፍና ስለ ነፋስ ነው። ሰፊ ማኮብኮቢያ ላይ ማንም ያሳርፋል ባይ ነው፤ የሰው ልክ የሚታወቀው በመደርደሪያዋ ነው ይላል። መደርደሪያዋ የሚላት በጨዋታው ውስጥ ያለች፣ ከተራራ ጎን ላይ እንደ ኩሽና መደርደሪያ የተለጠፈች ማኮብኮቢያ ናት። ርዝመቷ አራት መቶ ሰማንያ ሜትር፣ ወርዷ ስምንት ሜትር። መጀመሪያዋ ላይ ገደል፣ መጨረሻዋ ላይ የድንጋይ ግንብ። አንዴ ዝቅ ካሉ በኋላ «ቆይ ዞሬ ልምጣ» ብሎ ነገር የለም፤ ከፊት ተራራው ቆሟል። ሾፌሩ በላይዋ አልፎ ቁልቁል አይቷታል። ከዚያ ያለፈ ትውውቅ የላቸውም።

«መደርደሪያዋ ላይ አሳርፌያለሁ» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ስንቴ።»

ጡሩምባው ቅንድቡን ሰቀለ። «እንግዲያው እኛም እንያታ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እቤትህ ነን።»

«እኔም እመጣለሁ» አለ ስምሪት ኃላፊው።

ሾፌሩ ኬኩን እንደምንም ዋጠው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የፊተኛው ክፍል ግማሹ የእሷ ሱቅ፣ ግማሹ የእሱ አውሮፕላን ነው፤ የእሷ ስፌት መኪናና የእሱ ኮምፒውተር አንድ ረጅም ጠረጴዛ ተካፍለው ተቀምጠዋል። በዚያ ቀን ገና ኮቱን ሳያወልቅ «ዋሽቻለሁ» አላት።

«ለማን?»

«ለሁሉም።» ነገራት። «ካላሳረፍኩ ውሸታም እባላለሁ። እሱስ ይሁን፣ ሥራዬ ነው። ግን ዓይኑ ደክሞ ነው መባሌ አይቀርም።»

«ደክሟል እንዴ?»

«እሱን ነው የማላውቀው» አለና ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው። ፈርቷል። ሚስቱ በሠላሳ ዓመት ትዳር እንዲህ ሲፈራ ያየችው ልጃቸው የተወለደች ቀን ብቻ ነው።

ከማግስቱ ጀምሮ ልምምድ ሆነ። ጠዋት ቁርስ፣ ከዚያ መደርደሪያዋ፤ ከምሳ በኋላ እንደገና መደርደሪያዋ። ሰውየው ግን ዝም ብሎ አይወድቅም። ጋራዡ ቅጽ ሲቀይር ሊጣል የነበረ የአደጋ ሪፖርት ቅጽ አንድ ካርቶን ሙሉ ለምኖ አምጥቷል፤ በወደቀ ቁጥር ሞተር አጥፍቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ በንጹሕ እጅ ጽሕፈት ቅጹን ሞልቶ እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ይመልሳል። የአደጋው ቦታ፦ መደርደሪያዋ። የተጎዱ ተሳፋሪዎች፦ አሥራ ዘጠኝ፤ የአውሮፕላኑ ወንበር ቁጥር መሆኑ ነው። አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው የወጣበት አቅጣጫ። ምክንያት። ምክንያት አያልቅበትም። አንድ ቀን «ነፋስ ከግራ» ነው፣ አንድ ቀን «ነፋስ ከቀኝ»። አንድ ቀን «ወንበሩ ተንሸራተተ»፣ ሌላ ቀን «ፀሐይ በመስኮት ገብታ»፣ ሌላ ቀን «አማቴ ስልክ ደወሉ»።

ደንበኞች ግራ ተጋቡ። አንዲት አስተማሪ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ዙሪያዋን ስፒል ተሰክቶባት፣ እጇን ዘርግታ እንደቆመች ከጠረጴዛው ማዶ «ፍሬን፣ ፍሬን፣ ኧረ በእናትህ» የሚል ድምፅ ሰማች። ደንግጣ ዞር ስትል ስፒሉ ወገቧን ወጋት።

«ምን ሆነው ነው?» አለች።

«ምንም፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው ገደል ከቶ ነው» አለች ሚስትየው፣ ስፒሉን እየነቀለች። «ዝም ብለሽ ቁሚ።»

እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ዓርብ ደረሰ። ሚስትየው የአስተማሪዋን ኮሌታ ልትቆርጥ ፈልጋ የቅድ ወረቀት አለቀባት። ዓይኗ ካርቶኑ ላይ አረፈ። ጀርባቸው ንጹሕ የሆነ፣ ጠንከር ያለ ወረቀት፤ ለኮሌታ የተሠራ ነው የሚመስል። አንዱን አንስታ በጠመኔ ልታሰምርበት ስትል ገልበጥ አድርጋ አነበበችው። ቀጥላ ሁለተኛውን። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ክምሩን በሙሉ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ሰባት ጊዜ ከሰኸኛል» አለች።

«አንቺን አይደለም። የስፌት መኪናሽን ነው። ሲያንቀጠቅጥ ጠረጴዛው—»

«አርባ ጊዜ ወድቀሃል። ሰባት መቶ ስድሳ ሰው። ትንሽ አታፍርም?»

«እያፈርኩ ነው የምሞላው።»

«ና እስቲ ወዲህ። ይህቺ ምን ትላለች?»

መነጽሩን አደረገ። «በቀኝ በኩል።»

«ይህችስ?»

«በቀኝ በኩል።»

«ይህቺ ነፋስ ከቀኝ ያልክባትስ? ነፋስ ከቀኝ ከገፋህ ወደ ግራ አይደል የምትሄደው?»

ሾፌሩ ቅጹን አየው። የገዛ ጽሕፈቱ ነው፤ «በቀኝ በኩል» ይላል። የሚቀጥለውን አነሳ፣ የሚቀጥለውን፤ አርባዎቹም ተባብረው ቀኝ ነው የሚሉት።

«ስማ» አለች ሚስቱ። «የእኔ ስፌት አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ከተወላገደ ዓይኔ ደክሟል እላለሁ። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ከሄደ ግን ዓይን አይደለም፤ እጄ የለመደው ነገር አለ ማለት ነው። አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። እዚያ ተራራ ላይ ለማን ነው መንገድ የምትለቀው?»

«ለማንም» ሊላት አፉን ከፈተ። ከዚያ የገዛ እጁን አየው። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በቀን ስምንት ዙር፣ ጠባብ መንገድ ባገኘ ቁጥር ወደ ቀኝ የሚጠጋ እጅ ነው፤ ከፊት ለሚመጣው ግማሹን የሚለቅ። ሰፊ ማኮብኮቢያ ላይ ቀኝ ጥጉን ይዞ ሲያርፍ የሚያውቅበት አልነበረም፤ ቦታው ይበቃል። መደርደሪያዋ ግን ስምንት ሜትር ናት። ስምንቱን ለሁለት ሲከፍሉት የቀኝ ጎማ የሚያርፈው አየር ላይ ነው።

«ማኮብኮቢያ ላይ ከፊት የሚመጣ የለም» አለ ቀስ ብሎ።

«እሱን ለእጅህ ንገረው» አለችና ኮሌታዋን መቁረጥ ጀመረች።

ነገረው። እጁ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዓርብ ከሰዓት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ጊዜ ሞከረ። «መሐሉን፣ መሐሉን» እያለ ይወርዳል፤ ጎማው መሬት በነካ ቅጽበት እጁ በጨዋ ደንብ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ይላል። አርባ አንድ። አርባ ሁለት። አርባ ሦስት። ሦስቱንም ሪፖርት ሞላ። በሦስቱም ምክንያት የሚለው ላይ «እጄ» ብሎ ጻፈና አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ሚስትየው ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና ታየዋለች። ይህን ሰው ታውቀዋለች። በእግሩ ሲሄድ እንኳ፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ፣ ቀይ መብራት ፊት የሚቆም ሰው ነው። የሚስቱን ምክር፣ የሐኪምን ትእዛዝ፣ የልጁን ልመና ችላ ይላል፤ የመንገድ ምልክት ግን ችላ ብሎ አያውቅም። ከምሳ በኋላ ከቁርጥራጭ መሶቧ ሰማያዊ ጨርቅ አወጣች፤ በአራት ማዕዘን ቆረጠችው። በላዩ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ነጭ ቀስት ጠቀመችበትና ከኮምፒውተሩ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በአራት ስፒል ሰካችው። አንድ አቅጣጫ። ልክ መንገድ ዳር እንደሚቆመው።

«ልጅ አደረግሽኝ» አለ ሾፌሩ። ግን ቀና ብሎ ሲያየው ወንበሩ ላይ ሳያውቀው ተስተካክሎ ተቀመጠ።

ሊሞክረው መሪውን ሲይዝ በሩ ተንኳኳ። በሥራ ዘመናቸው ለአንድ ፌርማታ እንኳ ቀድመው ደርሰው የማያውቁ ሾፌሮች ያን ቀን ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ መጡ። ጡሩምባው ከፊት፣ ከኋላው ሌሎች አራት፣ በመጨረሻ ስምሪት ኃላፊው፣ የብስኩት ካርቶን ይዞ። የአስተማሪዋን ቀሚስ አንስተው፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ሳይቀር ተደርድረው ተቀመጡ። ጡሩምባው ሰማያዊውን ጨርቅ አየና «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ።

«ምልክት ነው» አለች ሚስትየው። «ማንበብ አትችልም እንዴ?»

ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። አሁን ከወደቀ ያለቀለት ነው፤ ሰዎቹ ሳቅ እንኳ አይስቁበትም፣ ያንኑ የምሰሶውን ዝምታ ዝም ይሉለታል፣ ብስኩታቸውን በልተው «ዓይንህን አሳርፍ» ብለው ይሄዳሉ። አውሮፕላኑን አስነሳ።

ሸለቆውን ይዞ መጣ። መደርደሪያዋ ከሩቅ የክር ቁራጭ ታክላለች። ጉልበት ቀነሰ፣ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ትንሽ ቀና አደረገ። ገደሉ ከታች አለፈ። ከኋላው ብስኩት አፉ ውስጥ የነበረው ማኘኩን አቁሟል። ጎማው መሬት ነካ፣ ድው። እጁ ወደ ቀኝ ጀመረ። ያኔ ቀና አለና ቀስቱን አየ። አንድ አቅጣጫ። ከፊት የሚመጣ የለም፤ ምልክቱ ብሏል። እጁ ቆመ። ቆመና ወደ መሐል ተመለሰ፤ በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያ ጊዜው ነው የመንገዱን መሐል ለራሱ የያዘው። ፍሬን። ፕሮፔለሩን ወደ ኋላ። የግንቡ ድንጋዮች አንድ በአንድ እየተለዩ መጡ፣ ተጠጉ፣ ተጠጉ፣ እና አውሮፕላኗ ቆመች።

ሾፌሩ በልማድ የበር መክፈቻውን ሊጫን ግራ እጁን ሰደደ። እዚያ ያለው የሚስቱ የስፒል መሰኪያ ነበር።

«ወራጅ አለ» አለ ጡሩምባው፣ በማይታወቅበት ዝቅተኛ ድምፅ።

ሁሉም ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። ትከሻውን መቱት፣ ብስኩት አጎረሱት። ስምሪት ኃላፊው እጁን ጨበጠውና «እንዳሉት ነው፣ ጋሼ። እንዳሉት» አለ።

እዚህ ላይ ሾፌሩ ዝም ቢል ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ማን ያውቃል? ሚስቱ ብቻ፤ እሷም አትናገርም። የተወጋ ጣቱን እየመጠጠ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ካርቶኑን ከጠረጴዛው ሥር ስቦ ስምሪት ኃላፊው እግር ሥር አኖረው።

«እንዳልኩት አይደለም» አለ። «ያን ቀን ዋሽቼ ነው። ከዛሬ በፊት አንድም ጊዜ አላሳረፍኩም። ይኸው አርባ ሦስቱም።»

ጡሩምባው ሊስቅ ጀምሮ የሾፌሩን ፊት ሲያይ ተወው። ስምሪት ኃላፊው ቅጾቹን አገላበጠ፤ ሪፖርት ማንበብ ሥራው ነው። «ሁሉም በቀኝ በኩል ነው» አለ ትንሽ ቆይቶ።

«እጁ ነው» አለች ሚስትየው። «ከፊት ለሚመጣ መንገድ ይለቃል። እናንተም ያው ናችሁ።»

«እኔ?» አለ ጡሩምባው። «እኔ ለማንም ለቅቄ አላውቅም።»

«ተቀመጥ እንግዲያ» አለችና ሰማያዊውን ጨርቅ ከግድግዳው ነቀለችው።

ሾፌሩ አውሮፕላኑን ሸለቆውን ይዞ አመጣለት፣ በመሐል በኩል አስተካከለለት፣ ጎማው ሊነካ ሲል መሪውን አስረከበው። ጡሩምባው ቀጥ አድርጎ ያዘ። ጎማው ነካ። አውሮፕላኗ በትሕትና ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብላ ገደል ገባች። ሁለተኛው ሾፌር ተቀመጠ፤ በቀኝ በኩል። ሦስተኛው «ዞር በሉ፣ እኔ ባለ መነጽር አይደለሁም» ብሎ ተቀመጠ፤ በቀኝ በኩል። ሚስትየው እየሳቀች ባዶ ቅጽ ታድላቸዋለች፣ ተቀብለው ይሞላሉ፤ ጡሩምባው ምክንያት በሚለው ላይ «ጫጫታ» ብሎ ጻፈ።

ስምሪት ኃላፊው ግን አልሳቀም። ካርቶኑ ግርጌ ላይ አንድ ሌላ ቅጽ አግኝቷል። የስፖኪዮው ሪፖርት ቅጂ ነው። ቦታ፦ የጋራዡ በር። አቅጣጫ፦ በቀኝ በኩል። ምክንያት በሚለው ላይ ምንም የለም። ለአውሮፕላኑ አርባ ሦስት ምክንያት የደረደረ ሰው ለአውቶቡሱ አንድ እንኳ አላገኘም፤ መዋሸት ስላልፈለገ ባዶውን ትቶታል።

ስምሪት ኃላፊው ቅጹን አየ፣ ሚስትየው እጅ ላይ ያለውን ቀስት አየ፣ ገደል እየገባ ያለውን አራተኛውን ሾፌር አየ።

«በሩ ላይ ምልክት አልተከልንም» አለ። «በሩን ስንከፍለው መግቢያ ብቻ መሆኑን ለሁሉም በቃል ነገርን። ምልክት ግን አልተከልንም፣ ጋሼ።»

«ለእኔም ጥበቃው ነግሮኛል» አለ ሾፌሩ። «አውቅ ነበር።»

«እጅዎ ግን አያውቅም።»

ሾፌሩ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ፤ የጠራ መነጽር ነበር።

ስምሪት ኃላፊው ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ከቅጹ ጋር ሰጠው። ሾፌሩ ጠረጴዛው ላይ ቦታ አስለቅቆ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ በዚያ ንጹሕ ጽሕፈቱ ባዶውን ሞላ፦ «ምክንያት፦ ለማይመጣ አውቶቡስ መንገድ ለቅቄ።»

ስምሪት ኃላፊው አነበበውና ከሥሩ ፈረመ። ከዚያ ወደ ሚስትየው ዞረ። «ይህን ጨርቅ ሊያውሱኝ ይችላሉ? የብረቱ ምልክት እስኪሠራ በሩ ላይ እንድሰካው፣ ለሰኞ።»

«ውሰደው» አለች፣ ስፒሎቹን እየቆጠረች። «አራት ነው። መልሰህ ታመጣለህ።»